ጆሮ ያለው ሣር

ልጆች ሳለን ከአፓርትመንታችን ጀርባ፣ በሽቦ አጥሩና በጎርፍ መውረጃው ቦይ መካከል፣ የኔ ነው የሚለው ሰው የሌለ ባዶ መሬት ነበር። ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር ሰፈር ያደጋችሁ እንዲህ ያለውን ቦታ ታውቁታላችሁ። ወላጆቻችን ከሆቴል ሺፍት ገብተው፣ መጋረጃ ዘግተው ሲተኙ እኛ "እዚያ ሄዳችሁ ተንጫጩ" ተብለን የምንባረርበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይና አቧራ ብቻ ነበር። ዊንተር ላይ ዝናብ ከጣለ ግን መሬቱ እንደ ጉድ ይለመልማል። ከበረሃው በኩል የሚመጣው የእርጥብ ቁጥቋጦ ሽታ ክፍላችን ድረስ ይገባል። እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቦርሳችንን ደረጃው ላይ ወርውረን ወደ ሣሩ እንሮጣለን።

እዚያ ከሚበቅሉት ሣሮች አንዱን ከሁሉ አብልጠን እንወደው ነበር። ዛላው የገብስ ይመስላል፤ ረጃጅምና ሻካራ ጢም አለው። ዛላውን ቆርጠን፣ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ላይ፣ ጢሙን ወደ መዳፋችን አዙረን እጅጌያችን ውስጥ እንከተዋለን። ከዚያ እጃችንን ስናወዛውዝ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ነፍስ እንዳለው ነገር እየተሳበ ክርናችንን አልፎ ብብታችን ይደርሳል። ሲኮረኩረን የምንስቀው ሳቅ! ስሙን ስለማናውቅ "አይጤ" እንለው ነበር። አሸናፊው የራሱን አይጤ ከሌላው ቀድሞ በአንገትጌው ያወጣ ነው። ትንንሾቹ ግን ይህን እንዲጫወቱ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ የጎረቤታችን የዲዬጎ እናት ዓይን ይወጋል ብላ ከልክላቸዋለች። ለእነሱ የተተወላቸው ቦዩ ዳር የሚበቅለው ለስላሳው ሣር ነው፤ ዛላው እንደ ጥንቸል ጭራ ጸጉራም፣ ሲነኩት ሐር የሚመስል። ጉንጫቸውን ያሹበታል፤ ከአፍንጫቸው ሥር ይዘውት "ሽማግሌ ሆንን" ይላሉ።

ታናሽ ወንድሜ ናቲ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ዘጠኝ። በመጋቢት ወር አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ እማዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ልብስ ታጣጥፋለች። ናቲና የስድስት ዓመቱ ዲዬጎ ከኤሌክትሪክ ሳጥኑ ጀርባ ሆነው ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። ሰላም ብያት ሳልጨርስ ናቲ ማሳል ጀመረ። የጉንፋን ሳል አልነበረም፤ አየር የሚለምን ሳል ነበር። እማዬ ልብሱን በትና ሮጠች። ፊቱ ቀልቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አገኘችው። ደፍታ ጀርባውን መታችው፣ ጣቷን አፉ ውስጥ ከታ ፈለገች፣ ምንም የለም። ጥቂት ቆይቶ ሳሉ ቆመ።

"ምን በላህ?" ስትለው "ሣር" አላት።

ውሃ ጠጣ፣ ማታ ፓስታውን በላ፣ ካርቱኑን አየ። አለፈ አልን።

አላለፈም። በሳምንቱ ትኩሳት ያዘው። ክሊኒክ ወሰዱት፣ የሳንባ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው፣ ዳነ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ትኩሳቱ ተመለሰ። ሌላ መድኃኒት ተሰጠው፣ እንደገና ዳነ፣ እንደገና ተመለሰ። እኔና እሱ አንድ ክፍል ስለምንተኛ ትንፋሹን እየሰማሁ ነበር የማድረው። በቀኝ በኩል፣ ከሩቅ እንደሚሰማ ፉጨት ያለ ድምፅ ነበረው። ትምህርት ቤት ቁጭ ብዬ እንኳ ያ ፉጨት ይሰማኝ ነበር። እማዬ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ፈቃድ መጠየቅ ስታበዛ ሱፐርቫይዘሯ ፊቷን ማጥቆር ጀምራለች። አንድ ጊዜ ሳህን እያጠበች ለራሷ "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ስትል አባዬ ሰማና "በጌታ ስም! እንዲህ አይባልም በዚህ ቤት!" ብሎ ተቆጣት። አባዬ እማዬን ሲቆጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሱም መፍራቱን ያወቅሁት ያኔ ነው።

በሚያዝያ መጨረሻ ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ትልቁ ሆስፒታል ወሰድነው። እዚያ ያየችው ዶክተር በዕድሜ የገፋች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ኤክስሬዩን አየችና በፊት ማንም ያልጠየቀንን ጠየቀች፦ ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ልጁን ትን ብሎት ያውቃል? የስልክ አስተርጓሚው መስመር አልገባ ብሎ ስለነበር የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። ለእማዬ ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ።

"ሣሩ! ቤቲ፣ ሣሩን ንገሪያት!"

ነገርኳት። ዶክተሯ መጻፏን አቆመች። ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ ወረቀት ላይ የተዘቀዘቀ ዛፍ የመሰለ ነገር ሳለችልኝ፤ ግንዱ የአየር ቧንቧ፣ ቅርንጫፎቹ ሳንባ ናቸው። ሣር በኤክስሬይ አይታይም አለች። ሣር ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ለስላሳ ከሆነ ተበጣጥሶ በሳል ሊወጣ ይችላል። ጢማምና ሻካራ ከሆነ ግን ወደ ኋላ አይመለስም፤ ልጁ በተነፈሰ ቁጥር ወደ ውስጥ ይጠልቃል። እሷ የምትፈልገው ናቲን አስተኝታ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብታ ማየት ነው።

"ማደንዘዣ" የሚለውን የአማርኛ ቃል አላውቀውም ነበር። "ያስተኙታል" አልኩ። "ከዚያ ቱቦ ይከቱበታል።"

አባዬ ግድግዳውን ተደገፈ። አገር ቤት እያለ ታናሽ ወንድሙ ለትርፍ አንጀት ኦፕሬሽን ተደርጎ ሳይነቃ ቀርቷል። ቤታችን ውስጥ ስለዚያ ወንድሙ ብዙ አይወራም፤ ግን ፎቶው ሳሎን ውስጥ ነበር፣ እና ፎቶው ላይ ልክ እንደ ናቲ ጆሮዎቹ ወጣ ወጣ ያሉ ናቸው።

"ጠይቂልኝ" አለኝ፤ ድምፁ ተሰባብሮ። "ለስላሳው ከሆነስ? ሳይተኛ ሊድን ይችላል?"

ጠየቅሁ። ዶክተሯ አልተቆጣችም። ለስላሳው መሆኑን እርግጠኛ ከሆናችሁ በመድኃኒት ጥቂት ቀን ልንጠብቅ እንችላለን አለች። ሻካራው ከሆነ ግን ከነገ በላይ መጠበቅ አልፈልግም። ዛሬ እዚህ ተኝቶ ኦክስጅን ያገኛል። ነገ ጠዋት ውሳኔያችሁን ንገሩኝ፤ ከተቻለ ደግሞ ሣሩን አምጡልኝ፣ የምፈልገው ነገር ምን እንደሚመስል ልወቅ አለች።

እማዬ ከናቲ ጋር ቀረች፤ እኔና አባዬ ወደ ቤት ነዳን። መኪና ውስጥ አባዬ "ትንንሾቹ የሚጫወቱት በለስላሳው ነው አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ሁልጊዜ የሚጫወቱት በእሱ ነው። "በለስላሳው ነው" አለ እንደገና፣ ለመሪው እንደሚናገር። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ሦስተኛ ጊዜ አለው።

አባዬ ሾፌር ነው፤ ተወልዶ ያደገውም አዲስ አበባ ነው። ከሰርዶ ሌላ በስም የሚያውቀው ሣር የለም። ስለዚህ በመንገድ ላይ ሜሮን ጋ ደወለ። ሜሮን ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ነበረች። እዚሁ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዕፅዋት የምታጠና፣ አማርኛዋ እየተደናቀፈ የሚሄድ ልጅ ናት። እኛ ስንደርስ እሷ ቀድማን ፓርክ አድርጋ፣ ከአንገቷ ላይ ትንሽ የማጉያ ሌንስ አንጠልጥላ ቆማለች።

ሦስታችን ወደ ጀርባ ዞርንና ደርቀን ቀረን። ባዶው መሬት ታጭዷል። የአፓርትመንቱ ሰዎች እሳት እንዳይነሳ ብለው በዚያው ቀን ጠዋት በማሽን ላጭተውታል። የቀረው የገለባ ቁራጭና አቧራ ነው። የታጨደ ሣር ሽታ ሰውን ሁሉ ደስ ያሰኛል፤ እኔ ግን እስካሁን ሲሸተኝ መስኮት እዘጋለሁ።

አባዬ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "አለቀ። አሁን በምን ይታወቃል?"

"ይታወቃል ጋሽ ታደሰ" አለች ሜሮን። "ጸጉሩ ባይኖርም ሣሩ አለ። ከታች... እንዴት ነው የሚባለው... ከታች ያለው አካሉ ይነግረናል። ብቻ ናቲ የቱ ጋ ነበር?"

ከኤሌክትሪክ ሳጥኑ ጀርባ እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ሣሩን በትክክል ከየት እንደወሰደ የሚያውቀው ግን ዲዬጎ ብቻ ነው። በራቸውን አንኳኳሁ። እናቱ በእጁ ይዛ አወጣችው። ልጁ ገና ሲያየን ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ ተሸሸገ። ናቲ ሆስፒታል መግባቱን ሰምቷል። እንዲያሳየን ስንለምነው ግን ቀድሞን ሄደና ከኤሌክትሪክ ሳጥኑ ጀርባ ቆመ። "እዚህ" አለ በእንግሊዝኛ። "ናቲ አፉ ውስጥ ያደረገው የትኛውን ነው?" አልኩት። ወደ ቦዩ እያየ "ለስላሳውን" አለ።

ለአባዬ ስተረጉምለት ትከሻው ሲወርድ አየሁ። "ተመስገን" አለ። "ተመስገን ጌታዬ።" ስልኩን አወጣ፤ ወደ እማዬ ሊደውል ነው።

ሜሮን ግን ተንበርክካ ነበር። ሳጥኑ ጥላ ስለሚጥል እዚያ ያለው ሣር ከሥሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ ማሽኑም ጥጉ ድረስ አልገባም፤ የተቆረጠው ከላይ ብቻ ነው። አንዱን ነቀለች፣ ሌላውን ነቀለች። ቅጠሉን በጥፍሯ ከአገዳው ለየት አድርጋ በሌንሱ አየች። ከዚያ ወደ ቦዩ ሄዳ የተላጨውን ለስላሳ ሣር ነቅላ ተመለሰች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ተለውጧል።

"ጋሽ ታደሰ፣ ዌይት። አይደውሉ።"

"ምነው?"

"ቤቲ፣ እዪ።" ሌንሱን ዓይኔ ላይ ያዘችልኝ። ቅጠሉ ከአገዳው በሚለያይበት ቦታ፣ ከግራና ከቀኝ፣ ሁለት ትንንሽ ሹል ነገሮች ወጥተው አገዳውን አቅፈውታል፤ ሕፃን የእናቱን አንገት እንደሚያቅፍ። "ይሄ ጆሮ ነው፤ በመጽሐፍም ጆሮ ነው የሚባለው። አሁን ደግሞ ያኛውን እዪ።" የቦዩ ዳር ሣር ጆሮ የለውም። በምትኩ ቅጠሉ ውስጠኛ ጎን ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች፣ ነጭ፣ ረዘም ያለች ነገር ቆማለች። "ይሄ ምላስ ነው። ለስላሳው ትልቅ ምላስ አለው፣ ጆሮ የለውም። ጢማሙ ጆሮ አለው፣ ምላሱ ግን አጭር ነው፣ አይታይም። እዚህ ጋ" አለች ሳጥኑ ጀርባ ያለውን መሬት እየጠቆመች፣ "ሁሉም ጆሮ አላቸው። አንድም ለስላሳ የለም።"

አባዬ ስልኩን እንደያዘ ቆመ። "ልጁ ግን ለስላሳውን ነው አለ። ከቦዩ ይዘውት መጥተው ይሆናላ!"

"ሊሆን ይችላል" አለች ሜሮን፤ እንዲሆን እንደምትፈልግም ያስታውቅ ነበር።

ሁላችንም ዲዬጎን አየነው። ልጁ ጫማውን እያየ ነው። አባዬ ያደረገውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ረጅም ሰው ነው፤ አቧራው ላይ በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከና ፊቱን ከዲዬጎ ፊት ጋር እኩል አደረገ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ ማንም አይቆጣህም፣ አንተ ጎበዝ ልጅ ነህ፣ ናቲ ጓደኛህ ነው፣ አሳየኝ ብቻ አለው። እናቱም በስፓኒሽ አንድ ነገር አለችው፤ ቃሉን ባላውቀውም ድምፅዋ የእማዬ ድምፅ ነበር።

ዲዬጎ እጁን ዘርግቶ፣ የሌለ ሣር በጣቱ ይዞ፣ እጅጌው ውስጥ ከተተው። ከዚያ እጁን አወዛወዘ። ቀጥሎ ያንኑ የሌለ ሣር አውጥቶ ጥርሱ መካከል ነከሰና፣ በእጁ ሳይነካ፣ በአፉ እንደሚያስኬደው ሁሉ ጉንጩን ወደ ውስጥ ሳበ። አሳይቶ ሲጨርስ ማልቀስ ጀመረ።

የትልልቆቹን ጨዋታ አይተው ነበር። ከእጅጌ አልፈው በአፍ ሞከሩት።

አባዬ ከመሬት ሲነሳ ቁርጭምጭሚቱን አሻሸ፤ የሚወጋው ነገር አለ። ሱሪውን ሰብሰብ ቢያደርግ ካልሲው ላይ ከማሽኑ የተረፈ ደረቅ ፍሬ ተሰክቷል። ሜሮን አጎንብሳ አየችና "ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚወድቀው" አለች ቀስ ብላ። "የዚህ ሣር ምልክቱ ይሄ ነው። ሦስቱ አብረው፣ ከታች አንድ ሹል ጫፍ አላቸው። መጽሐፉ የአይጥ ገብስ ይለዋል።" አይጤ! እኛው ያወጣንለት ስም።

አባዬ የፍሬውን ጢም ይዞ ወደ ኋላ ሊነቅለው ሞከረ። አልወጣም፤ ካልሲው አብሮት ተሳበ። ጠበቅ አድርጎ ሲጎትተው ጢሙ ተቆርጦ እጁ ላይ ቀረ፣ ፍሬው ግን ወደ ውስጥ ገባ። ሌላውን ሞከረ፣ ያም እንዲሁ። በመጨረሻ ካልሲውን አወለቀና በውስጥ በኩል፣ በሄደበት አቅጣጫ ወደ ፊት ሲገፋው በቀላሉ ወጣ። መዳፉ ላይ አስቀምጦ ረጅም ጊዜ አየው። የልጁን ሳንባ እያየ እንደነበር ገብቶኛል።

"ነገ እፈርማለሁ" አለ። ወዲያው ደግሞ "ለምን ነገ? አሁን እንሂድ" አለ። ካልሲውን ሳያደርግ ነው መኪና ውስጥ የገባው።

ሜሮን ከሥሩ የነቀለችውን ሣርና ከካልሲው ያወጣነውን ፍሬ በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ሰጠችን። ዶክተሯ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበለችን። ከረጢቱን መብራት ላይ አንስታ አየችና ራሷን ነቀነቀች፤ ናቲንም የመጀመሪያው የጠዋት ተረኛ አደረገችው። አባዬ የፈረመው እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪቀድ ድረስ ተጭኖ ነው።

በማግስቱ ናቲን በሚገፋ አልጋ ሲወስዱት እጁን ለእኛ አወዛወዘ፣ መዝናኛ ፓርክ የሚሄድ መስሎት። በሩ ተዘጋ። እማዬ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ትጸልያለች። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሴቶች ከበዋት ተቀምጠዋል። አባዬ መቀመጥ አልቻለም፤ ወደ ፓርኪንግ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ በሩን ያያል፣ ይወጣል። እኔ ሰዓት እንዳላይ ዓይኔን ጨፍኜ የሣሩን ምልክቶች ለራሴ ደጋገምኩ፤ ጆሮ አለው፣ ምላሱ አጭር ነው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወድቃል። ካቆምኩ ናቲ የማይነቃ ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሲፈራ የራሱን ጸሎት ይፈጥራል።

ዶክተሯ ስትወጣ አባዬ ውጭ ነበር፤ ሮጬ ጠራሁት። እጇ ላይ ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ ይዛለች። ውስጡ ጥቁር ቡኒ የሆነ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል ዛላ አለ። በቀኝ በኩል፣ በጣም ጠልቆ ነበር፤ ሌላ ሳምንት ቢቆይ ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር አለች። ምን እንደምፈልግ ስለማውቅ ከየት በኩል መያዝ እንዳለብኝም አወቅሁ አለች። አሁን ነቅቷል፤ አይስክሬም እየጠየቀ ነው። "ነቅቷል" የሚለውን ብቻ ተረጎምኩ፤ ሌላውን አባዬ አልሰማም። ኮሪደሩ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ለናቲ ይሁን ላልነቃው ወንድሙ፣ ያኔም አልጠየቅሁትም፣ ዛሬም አልጠይቀውም።

አሁን ናቲ ከአባዬ ይረዝማል። ካዚኖ ውስጥ የሳውንድ ቴክኒሺያን ነው፤ ስለዚያ ጊዜ የሚያስታውሰው አይስክሬሙን ብቻ ነው። ዲዬጎም አግብቶ ሌላ ከተማ ይኖራል። ሜሮን አማርኛዋ ከእኔ ተሽሎ አረፈው። ያ ባዶ መሬት ፎቅ ተሠርቶበታል። እኔ ማውንተንስ ኤጅ በሚባል መንደር ቤት ገዝቻለሁ፤ ሰፈራችን ጠጠርና ቁልቋል ነው፤ ጓሮዬ ያለው ሣርም ላስቲክ ነው። ሲገጥሙልኝ ውሃ ለመቆጠብ ነው ብያለሁ። ልጄ ሶስና አራት ዓመቷ ነው። ያን ላስቲክ እየዳበሰች ታድጋለች፤ የማይወጋ፣ የማያድግ፣ ሽታ የሌለው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ በእግሬ ጣቶች ሳይቀር የማውቀውን ነገር እሷ አታውቀውም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያሳርፈኛልም።

ወላጆቼ ጡረታ ወጥተው ሄንደርሰን ነው የሚኖሩት። ከቤታቸው ፊት ለፊት መናፈሻ አለ፤ እውነተኛ ሣር ያለው። ባለፈው ፀደይ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ተቀምጠን ሳለ ሶስና ጫማዋን አውልቃ ወደ ሣሩ በረረች። ብድግ አልኩ። ዓይኔ ያለ ፈቃዴ ዳር ዳሩን ይፈትሻል፤ ዛላ ያወጣ አለ? ጢም ያለው አለ? በእኛ ዘመን የሚጨነቀው አባዬ ነበር፣ እኔ ደግሞ እሱ ያለው ሁሉ የሚሆን የሚመስለኝ ልጅ። አሁን እሱ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ፣ አግዳሚው ላይ ተንጋሎ ፀሐይ ይሞቃል።

"ቁጭ በይ ቤቲ" አለኝ፣ ሳያየኝ። "ትሩጥ ተያት። አያለሁ እኮ።"

ቁጭ አልኩ። ሶስና ወድቃ ተነሳች፣ ሳቀች፣ ደግማ ሮጠች። እጄ ግን የአግዳሚውን ጠርዝ ጨብጦ ነበር፤ አባዬ መዳፉን አምጥቶ ላዩ ላይ እስኪያሳርፍበት ድረስ አላላላሁትም።